መኪናን በኋላ ማርሽ አስገብቶ ማቆም፦ መቼ ግዴታ፣ መቼ ስህተት?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነኝ፤ የምይዘው ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነው። አዲስ የተመደቡት ኃላፊ በግቢው ውስጥ ያለ መኪና ሁሉ በኋላ ማርሽ ገብቶ፣ ግንባሩን ወደ መውጫው አዙሮ ይቁም ብለዋል። ለእኔ ጊዜ ማባከን ነው። ኋላ ማርሽ ነዳጅ ይፈጃል፣ ካምቢዮም ይጎዳል፤ መንገድ ዳር ሳደርገው ደግሞ ከኋላዬ ያለው ባጃጅ ሁሉ ክላክስ ያስጮሃል። መኪናው ካሜራ አለው፤ በፊት ገብቼ ስወጣ ወደ ኋላ ብወጣ ምን ችግር አለው? ሳቢያን ያለው ቤቴም ግቢው ጠባብ ነው፣ ትንንሽ ልጆች አሉኝ። እዚያስ እንዴት ላድርግ?»

ምላሽ፦ የመሥሪያ ቤቱ ትዕዛዝ ትክክል ነው፤ ሃይሉክስ ለሚይዝ ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ይመለከተዋል። ለቤትዎም መልሱ ያው ነው፤ ነገር ግን እዚያ አንድ የማይታለፍ ቅድመ ሁኔታ አለው። መንገድ ዳር ግን እንደ ቦታው ይለያያል፤ በኋላ መግባት ጭራሽ የማይገባባቸው ቦታዎች አሉ።

ከነዳጁ እንጀምር። ጎን ለጎን በሚቆምበት ቦታ የገባ መኪና ኋላ ማርሽ የሚያስገባው አንድ ጊዜ ነው፤ ወይ ሲገባ ወይ ሲወጣ። በፊት የገባ ሰው ኋላ ማርሹን ለመውጫው አስተላለፈው እንጂ አልቀረለትም። እንዲያውም ሲገቡ ሞተሩ ሞቋል፤ ሲወጡ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው፣ ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ ይበልጥ ነዳጅ ይወስዳል። ስለዚህ ነዳጅን ምክንያት አድርጎ በፊት መግባትን መምረጥ አያስኬድም። ጊዜውም እንደዚሁ ነው፤ ሲገቡ የሚጨምሩትን ግማሽ ደቂቃ ያህል ሲወጡ ይመልሱታል።

ካምቢዮን በተመለከተ፣ ኋላ ማርሽ ላይ የሚሰማው ዋይታ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። በአብዛኞቹ የእጅ ማርሽ መኪኖች የኋላ ማርሽ ጥርሶች ቀጥ ብለው የተቆረጡ ናቸው፤ ድምፁ ከዚያ ይመጣል እንጂ የብልሽት ምልክት አይደለም። የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው። መኪናው ወደፊት እየተንከባለለ ሳለ ኋላ ማርሽ ማስገባት ጥርስ ይሰብራል፤ አውቶማቲክ ከሆነም የውስጥ ፍሪሲዮኖቹን ይበላል። ሙሉ በሙሉ ይቁሙ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ይርገጡ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይጠብቁ፣ ከዚያ ያስገቡ። ከተንጫጫ አያስገድዱት፤ አንደኛ ማርሽ አስገብተው ያውጡና እንደገና ይሞክሩ። ሁለተኛው ጎጂ ልማድ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ ነዳጅ እየሰጡ ረጅም ርቀት ወደ ኋላ መሄድ ነው። በደልዳላ መሬት ላይ ነዳጅ ሳይሰጡ ሞተሩ በራሱ እንዲገፋ ይተዉት፤ ያ ፍጥነት ለዚህ ሥራ ልክ ነው።

ዋናው ጉዳይ ዕይታ ነው። ሃይሉክስ ርዝመቱ 5.3 ሜትር ያህል ነው። መቀመጫዎ ላይ ሲሆኑ ከዓይንዎ እስከ ፊተኛው ፓራውልት ከ2 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ እስከ ኋለኛው ግን 3 ሜትር ገደማ አለ። በፊት ገብተው ወደ ኋላ ሲወጡ፣ ግራና ቀኝ የቆሙት መኪኖች ዕይታዎን ስለሚጋርዱ የሚመጣውን ነገር ከማየትዎ በፊት 3 ሜትር ብረት መንገዱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ጎንዎ ላይ የቆመው ሚኒባስ ወይም አይሱዙ ከሆነ በመስኮቱ አሻግረው እንኳ ማየት አይችሉም። ባጃጅ ደግሞ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ፣ ከቆሙት መኪኖች ጭራ ጥቂት ርቀት ላይ ነው የሚያልፈው። ለባለ ቪትዝ ይህ ልዩነት ያንሳል፤ ሾፌሩ የመኪናው መሃል አካባቢ ስለሚቀመጥ ከፊትም ከኋላም የሚቀረው እኩል ሊባል ይችላል። ባለ ዶልፊን ሚኒባስ ግን ዓይኑ ከግንባሩ 1 ሜትር ብቻ ይርቃል፤ ከኋላው ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ጭራ አለው። መኪናው በረዘመ መጠን ግንባርን ወደ መውጫ አዙሮ የማቆም ጥቅሙም ይጨምራል።

ሌላም ነገር አለ። ሲደርሱ ባዶውን ቦታ በፊት በኩል አልፈውት፣ ውስጡን አይተውት ነው የሚገቡት፤ ማን እንዳለ፣ ምን እንደወደቀ ያውቃሉ። ሲወጡ ግን መኪናው ለሰዓታት ቆሟል፣ ዙሪያው ተለውጧል። ድሬዳዋ ውስጥ ደግሞ የመኪና ጥላ ተፈላጊ ነው፤ ቀትር ላይ ሰውም ፍየልም ጎማው ሥር ያርፋል። በየትኛውም አቅጣጫ ቢቆሙ፣ ሞተር ከማስነሳትዎ በፊት መኪናውን አንድ ዙር ዞረው፣ ጎንበስ ብለው ከሥሩ ይመልከቱ። ይህን የሚተካ ምንም መሣሪያ የለም።

አሁን በኋላ መግባት ለምን ትንሽ ቦታ እንደሚበቃው ላስረዳ፤ «በኋላ መግባት ይከብዳል» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ይህን ካለማወቅ ነው። የሚዞሩት የፊት ጎማዎች ብቻ ናቸው። የኋላ ጎማዎች እንደ ጋሪ ጎማ የተጎተቱበትን ይከተላሉ፤ ሁልጊዜም ወደ ውስጥ ቆርጠው ይሄዳሉ። በፊት ሲገቡ ግንባሩ ቀድሞ ይገባል፣ ጭራው ግን ጥምዙን ቆርጦ ወደ ጎረቤቱ መኪና ይጠጋል፤ ከገቡ በኋላ ለማስተካከል የሚቀር ቦታ የለም። በኋላ ሲገቡ ግን የማይዞሩት ጎማዎች መጀመሪያ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ የሚዞሩት ጎማዎች ውጭ ሰፊው ቦታ ላይ ስለሚቀሩ እስከ መጨረሻው ማረም ይቻላል። በቁጥር ሲታይ፣ 2.5 ሜትር ስፋት ያለው ማቆሚያ ውስጥ ቪትዝ በኋላ ማርሽ በአንድ ጥምዝ ለመግባት ከፊቱ 4 ሜትር ያህል ክፍት መንገድ ይበቃዋል፤ በፊት በአንድ ጥምዝ ለመግባት ግን 5.5 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ሃይሉክስ በኋላ 5 ሜትር ያህል ይበቃዋል። በፊት ከሆነ ብዙ ጊዜ ገብቶ፣ ወጥቶ፣ እንደገና መግባትን ይጠይቃል። እንግዲህ ከኋላዎ ያለውን ባጃጅ ይበልጥ የሚያስጠብቀው የትኛው እንደሆነ ይፍረዱ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባዶው ቦታ በቀኝዎ ሲሆን አስቀድመው ፍሬቻ ያሳዩ፣ ፍጥነት ይቀንሱ፣ ከቆሙት መኪኖች 2 ሜትር ያህል ርቀው ቀጥ ብለው ይለፉ። ብዙ ሾፌር እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ከመኪኖቹ በግማሽ ሜትር ተጠግቶ ያልፋል፣ ከዚያ ሲጠመዝዝ የጎኑ ብረት የጎረቤቱን ግንባር ይነካል። ለቪትዝ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ይበቃል። ባዶውን ቦታ ካለፉ በኋላ የሚቆሙበትን ነጥብ በኋላ ጎማዎ ይለኩ፤ በሃይሉክስ የኋላ ጎማው ከባዶው ቦታ ቀጥሎ ያለውን መኪና ጨርሶ አልፎ 1 ሜትር ገደማ ሲጨምር፣ በቪትዝ ደግሞ የዚያን መኪና መሃል አልፎ ግማሽ ሜትር ሲጨምር ይቁሙ። ኋላ ማርሽ ያስገቡ፤ የኋላው ነጭ መብራት ለሌሎች ሐሳብዎን የሚናገረው እሱ ነውና አምፖሉ የተቃጠለ ከሆነ ዛሬውኑ ያስቀይሩ። ግራና ቀኝ፣ በትከሻዎም ዞረው ይመልከቱ። ከዚያ መኪናው ገና መንቀሳቀስ ሲጀምር መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ ይስበሩ።

ሲገቡ ዓይንዎ በቀኝ ስፖኪዮ ውስጥ በኋላ ጎማዎና በጎረቤቱ መኪና ማዕዘን መሃል ያለው ክፍተት ላይ ይሁን። ክፍተቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች ከጠበበ ይቁሙ፣ ወደፊት አንድ ሜትር ያህል መሪውን አቅንተው ይውጡና ይቀጥሉ፤ እየጠበበ ሳለ «ያልፋል» ብለው አይግፉት። የቀኝ ስፖኪዮ ኋላ ጎማውን የማያሳይ ከሆነ ቀድመው ወደ ታች ያዘንብሉት። መኪናዎ ከጎረቤቶቹ ጋር እኩል መስመር ሲይዝ መሪውን አቅንተው ቀጥ ብለው ይግቡ። በመጨረሻ ከግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይተዉ፤ የመጎተቻ ብረት ካለው ከዚያም በላይ። በሾፌሩ በር በኩል 60 ሴንቲ ሜትር ካልቀረ መውረድ ያስቸግራል። መኪናው ቆሞ ሳለ መሪ መጠምዘዝ በጋለ አስፋልት ላይ ጎማ ይልጣል፤ መሪውን ጥግ አድርሶ እዚያው ይዞ መቆየትም የመሪ ዘይት ፓምፑን ያስጨንቃል፤ ጥግ ሲደርስ ትንሽ ይመልሱት።

አንድ ነገር በጥብቅ ላስጠንቅቅ። ጭራው ወደ ቀኝ ሲገባ ግንባሩ ወደ ግራ ይወጣል። በሃይሉክስ የግራው ማዕዘን ከቆሙበት መስመር ከ1.2 ሜትር በላይ ወደ መንገዱ መሃል ይወረወራል፤ በቪትዝም 1 ሜትር ያህል ነው። ትዕግሥት ያጣው ባጃጅ የሚያልፈው ልክ በዚያ በኩል፣ ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ሾፌሩ ሁሉ ወደ ኋላ እያየ ስለሆነ ግንባሩን የሚያየው የለም። ስለዚህ ከመስበርዎ በፊት ግራውን ይመልከቱ፤ ግማሽ መንገድ ላይም እንደገና ይመልከቱ። ባጃጅ ጎንዎ ከደረሰ ይቁሙና ይለፍ። ክላክሱ አያስቸኩልዎ።

ካሜራው ጠቃሚ ነው፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ ለአዳዲስ ቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ ግዴታ ያደረገችው በምክንያት ነው። ግን የተሠራው ከጭራ ጀርባ መሬት ላይ ያለውን ለማሳየት ነው። በፊት ገብተው ወደ ኋላ ሲወጡ አደጋው የሚመጣው ከጎን ነው፤ ካሜራው ከጎረቤት መኪኖች ጀርባ እየከነፈ የሚመጣውን የሚያሳይዎ ከደረሰ በኋላ ነው። በእኛ አቧራ ሌንሱ በቀን ውስጥ ይሸፈናል፤ ጠዋትና ማታ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታውም ስክሪኑ ነጭ ይሆናል። ከተገዛ በኋላ የተገጠመ ካሜራ ከሆነ ባለ ቀለም መስመሮቹን አይመኑ፤ ብዙ ጊዜ ለመኪናው አልተለኩም። የውኃ ጠርሙስ ከፓራውልቱ ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ አቁመው ከየትኛው መስመር ላይ እንደሚታይ አንዴ ይለዩ። የሚጮኸው ሴንሰርም ቀጭን ምሰሶን፣ ዝቅ ያለ ድንጋይን፣ ከግንባታ ላይ ወጣ ያለ ፌሮንና የሱቅ ሸራ የተወጠረበትን ብረት ሊስት ይችላል። በኋላ ለሚገባ ሰው ካሜራው ረዳት ነው፤ በኋላ ለሚወጣ ሰው ግን ያለ አግባብ የልብ ልብ ይሰጣል።

«ና፣ ና፣ ና» የሚል ሰው ከኋላ ሲቆም ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። የሚጠሩዎት ሰዎች ሁለት ከሆኑ አንዱን ይምረጡና ሌላውን ዝም ያሰኙ። የሚመራዎት ሰው በስፖኪዮ ውስጥ በሾፌሩ በኩል መታየት አለበት፤ ከጠፋብዎ ወዲያው ይቁሙ። በመኪናውና በግድግዳው መሃል ቆሞ የሚጠራ ሰው ካለ ሳይወጣ ንቅንቅ አይበሉ። እሱ «በቃ» ሳይል ቢጋጩ ተጠያቂው መሪውን የያዘው ነው።

አሁን በኋላ ወደማይገባባቸው ቦታዎች ልምጣ። መስመሩ ወደ ጎን ያዘነበለ ማቆሚያ፣ ማለትም በ45 ወይም በ60 ዲግሪ የተሰመረ፣ ለፊት መግቢያ ነው የተሰመረው። እዚያ በኋላ ከገቡ ሲወጡ ግንባርዎ ወደ መጪው መኪና ይዞራል። እንደ ታይዋንና ቀፊራ ባሉ የገበያ ቦታዎች ከኋላ ዕቃ የሚጭኑ ከሆነ ጭራውን ከግድግዳ ጋር ማጣበቅ አይጠቅምም፤ ወይ 1 ሜትር ይተዉ ወይ በፊት ይግቡ። የመኪናው ጭራ ወደ እግረኛ መንገድ የሚገባበት ቦታ ከሆነም ይጠንቀቁ። ሃይሉክስ ከኋላ ጎማው በኋላ ከ1 ሜትር በላይ ብረት አለው፤ ጎማው የጠርዙን ድንጋይ እስኪነካ ከሄዱ ያ ብረት እግረኛውን ከመንገዱ ያስወጣዋል፣ መሬት ላይ ዘርግታ የምትሸጠዋን ሴትም ያገኛታል። ጠርዙን ሳይነኩ ይቁሙ፤ ቦታው ካልበቃ በፊት ይግቡ ወይም ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ከግድግዳው ላይ የመኝታ ወይም የቢሮ መስኮት ካለም ማርሚታው ጭሱን ወደ ውስጥ ይልካል። የናፍጣ መኪና ጠዋት አስነስተው «ይሙቅ» እያሉ እዚያ አያቆዩት፤ አስነስተው በቀስታ ይሂዱ።

ወደ ሐረር ከሄዱ እዚያ ሽቅብና ቁልቁል ስለሚበዛ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግንባሩ ቁልቁል ሲሆን በኋላ ማርሽ፣ ሽቅብ ሲሆን በአንደኛ ማርሽ ያስሩት፤ የእጅ ፍሬኑንም ይሳቡ፤ ከጎማው ሥር ታኮ ወይም ድንጋይ ያድርጉ፣ ሲሄዱም ድንጋዩን መንገድ ላይ አይተዉት። ጀጎል በሮች አካባቢ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ግን ወደ ኋላ መሄድን ጨርሶ የማይጠይቅ፣ በፊት ገብቶ በፊት የሚወጣበት ቦታ ራቅ ብሎም ቢሆን ይሻላል። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ከአቅጣጫ በፊት የሚመጣ ነገር አለ፦ ደረቅ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ በየትኛውም በኩል አያቁሙ። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከተራራው ነው፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ሌሊት ነው የመጣው።

መሥሪያ ቤቶች፣ ፋብሪካዎችና የዕርዳታ ድርጅቶች ይህን ደንብ የሚያደርጉበት ሌላ ምክንያት ድንገተኛ አደጋ ነው። እሳት ቢነሳ ወይም ታማሚ ለማድረስ መኪና ቢፈለግ፣ ሁሉም ግንባራቸውን ወደ በሩ ካዞሩ ተራ በተራ ይወጣሉ፤ አንዳንዱ በፊት አንዳንዱ በኋላ ከቆመ እርስ በእርስ ይዘጋጋሉ። ለኃላፊዎ ሊያነሱት የሚገባ ነገር ካለ ይህ ነው፦ ደንቡ የሚሠራው ማቆሚያው ቢያንስ 2.5 ሜትር እየሆነ ሲሰመርና በሩ ፊት ማንም እንዳይቆም ሲደረግ ነው። የድሬዳዋ ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ስለሚያሳጥርም ግንባሩ ወደ ውጭ የሆነ መኪና በባትሪ ገመድ ለማስነሳት ሌላ መኪና ይጠጋዋል፤ የእጅ ማርሽ ከሆነም ገፍቶ ማስነሳት ይቻላል።

ወደ ቤትዎ እንምጣ፤ ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። ሳቢያን ያለው ግቢዎ ጠባብ ስለሆነ በኋላ ማርሽ ይግቡ፣ ግንባሩን አስቀድመው ይውጡ። ነገር ግን አደጋው ወደ መግቢያው ሰዓት እንደሚዛወር ይወቁ። ልጆች መኪናው ሲመጣ ድምፁን ሰምተው ይሮጣሉ፤ የሚሮጡት ደግሞ ወደ እርስዎ፣ ማለትም ወደ መኪናው ጭራ ነው። ከሃይሉክስ ጭራ ሥር የቆመ የሦስት ዓመት ልጅ በየትኛውም ስፖኪዮ አይታይም። አሜሪካ የካሜራውን ግዴታ ስታወጣ የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በኋላ ማርሽ በሚሄዱ መኪኖች በዓመት 210 ያህል ሰው ይሞታል ብሎ ገምቶ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ሲሶ የሚጠጋው ከ5 ዓመት በታች ነው፤ የሚመታውም ብዙ ጊዜ የገዛ ቤተሰቡ መኪና ነው።

ስለዚህ የቤትዎ ሥርዓት ይህ ይሁን። በሩ ውጭ መንገዱ ዳር ይቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ። በሩን የሚከፍት ትልቅ ሰው ይምጣ፤ ሥራው በር መክፈት ብቻ ሳይሆን ልጆቹን መያዝ ነው። በዓይንዎ ሁሉንም ልጆች ካላዩ፣ የእያንዳንዳቸውን እጅ የያዘ ሰው ካላዩ ኋላ ማርሽ አያስገቡ። «ቤት ውስጥ ናቸው» የሚል ቃል አይበቃም፤ ይዘዋቸው ይውጡና ይታዩ። ወርደው ግቢውን ይዩ፤ ብስክሌት፣ ባልዲ፣ የተቀመጠ ሰው ካለ ይነሳ። የጎርፍ መውረጃውን የሚሸፍነው የሲሚንቶ ንጣፍ ጠባብ ከሆነ ጠርዞቹን ነጭ ቀለም ይቀቡ፤ የኋላ ጎማዎ ከእሱ ውጭ እንዳይወርድ በሁለቱም ስፖኪዮ ያያሉ። መስኮቶቹን ይክፈቱ፣ ሬዲዮውን ይዝጉ፣ ሞተሩ በራሱ በሚገፋው ፍጥነት ይግቡ። በር የሚከፍት ትልቅ ሰው ከሌለና ልጆቹ ብቻቸውን ከሆኑ፣ ራስዎ ገብተው ልጆቹን ቤት አስገብተው በሩን ከቆለፉ በኋላ ተመልሰው መኪናውን ያስገቡ።

እጅዎ እስኪለምድ ግቢዎ ውስጥ አይሞክሩ። አራት ጀሪካን ይዘው ባዶ ሜዳ ላይ ሁለቱን በ2.5 ሜትር ርቀት እንደ መግቢያ፣ ሁለቱን ደግሞ 5 ሜትር ወደ ውስጥ ትይዩ አድርገው ያስቀምጡ። ጀሪካኑን ሳይነኩ በአንድ ጥምዝ መግባት እስኪችሉ የኋላ ጎማዎ የሚቆምበትን ነጥብ እያፈራረቁ ይለኩት። ያን ነጥብ ካገኙ በኋላ ለዚያ መኪና አይቀየርም፤ ሌላ መኪና ሲይዙ ግን እንደገና ይለኩ።